ቁጥር አሥራ ሰባት ማዳመጫና የአክስቴ አደገኛ ዕድሜ

ለክቡር የጡረታ ፈንዱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጠፋ ስለተባለው ማዳመጫና ጠፋ ስላልተባለው ጭማሪ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዐይንዎ፣ በተለይ በተለይ ደግሞ ጆሮዎ እንደምን ከረመ? እንደ ደንቡ ቢሆን እዚህ ላይ "ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ" ብዬ መመረቅ ነበረብኝ። ነገር ግን ዓመታዊ ሪፖርትዎ ገጽ አርባ አንድ ላይ "የአባላት ዕድሜ መርዘም" ከፈንዱ ስድስት ዋና ዋና ስጋቶች አንደኛው ተብሎ መስፈሩን ስላነበብኩ፣ እንዲህ ያለውን አደጋ በክቡርነትዎ ላይ መመኘት ነውር መስሎ ታየኝና ተውኩት። ጤናውን ብቻ ይስጥልኝ፤ ዕድሜውን እንደ ገበያው ሁኔታ እናየዋለን።

እኔ እንደሚያውቁኝ (ባለቤትዎ እንኳ ሳያውቁኝ አይቀሩም) በዚህ መጽሔት ስለ ሠርግና ስለ ፍቺ፣ ስለ አማትና ስለ ምራት የምጽፍ ሴት ነኝ። አክሲዮንን ከቦንድ የምለየው በአጠራሩ ብቻ ነው። ብዕሬን ወደ እርስዎ ያዞርኩት ሥራ ፈትቼ ሳይሆን፣ ባለፈው ሰኞ አክስቴ ደጅ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ስለመጣ ነው። ደብዳቤው በስብሰባው ዕለት የተሰጣት ቁጥር 17 የጆሮ ማዳመጫ እንዳልተመለሰ፣ በዐሥር ቀን ውስጥ ካልተመለሰም ዋጋው ከጡረታ አበሏ እንደሚቆረጥ በሦስት መስመር ያስታውቃል። ከፈንዱ የመጣ ደብዳቤ በሦስት መስመር ሲያልቅ ይህ የመጀመሪያው ነውና ስለ ግልጽነቱ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

አክስቴን አያውቋትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ ማዳመጫ ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ፣ ገመድ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እየሰካች፣ አንዱን ከሌላው ስታገናኝ ኖራለች። ሰፈሩ እስከ ዛሬ "እትዬ ሃሎ" ነው የሚላት። ከዚያ ሁሉ ሥራ ሁለት ነገር ተርፏታል፤ አንዱ የእናንተ ጡረታ፣ ሌላው መስማት የተወ ግራ ጆሮ። ለጆሮዋ ሐኪም የመስሚያ መርጃ አዝዞላት ነበር። እሷም "የጡረታ ጭማሪው ሲገባ" ብላ የማዘዣውን ወረቀት መስታወቷ ጥግ ላይ ሰካችው። ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ፀጉሯን ባበጠረች ቁጥር ታየዋለች። ባለፈው ወር ደግሞ መንገድ ስትሻገር በግራዋ የመጣ ሚኒባስ ጥሩንባውን ቢያንባርቅ ቢያንባርቅ አልሰማ ብላ፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን በክንዷ መንጭቀው አወጧት። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ስትወጣ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ጥፍሬን እበላለሁ።

እንግዲህ ይህን ይዘው፣ ቅሬታዎቼን በታላቅ ትሕትና በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ስለ ገበያው። ከሁለት ዓመት በፊት ጭማሪው የቀረው ገበያው በመቀዛቀዙ ነበር። አምና ገበያው ከመጠን በላይ በመሞቁ ቀረ። ዘንድሮ ደግሞ ገበያው በመዋዠቁ "ወደሚቀጥለው የበጀት ዓመት ተሸጋግሯል"። ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ በቀኝ ጆሮዋ ሳነብላት አክስቴ መነጽሯን አውልቃ፣ "ይሄ ገበያ የሚሉት ሰውዬ ምን ዓይነት አመለኛ ነው? ሲበርደውም ሲሞቀውም የሚቆጣው እኔን!" አለች። እኔ ግን እርስዎን ደግፌ ተከራከርኩላት። ትልቅ ተቋም የብዙ ሰው አደራ ይዞ በሚለዋወጥ ገበያ ውስጥ ሲጓዝ እንደ ችኩል ነጋዴ እንደማይሮጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ግራ ቀኙን አይቶ እንደሚራመድ አስረዳኋት። "እኔም ግራ ቀኜን አይቼ ነበር እኮ የተሻገርኩት" አለችኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ አምስቱ ድርጅቶች። ሪፖርትዎ፣ ፈንዱ ከጊዜው ጋር ለመራመድ ሲል ገንዘባችንን አንድ ቦታ መከመሩን ትቶ እርስ በርስ በማይገናኙ አምስት የሥራ መስኮች ላይ እንዳዋለው ያበሥራል። ሲሚንቶ፣ ኢንሹራንስ፣ ማቀዝቀዣ መጋዘን፣ የጭነት ማመላለሻና የማማከር አገልግሎት። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ያነሣዋል ማለት ነው። እንደኔ ያለው ሰው ይህን ሲያነብ "ተባረኩ" ብሎ ገጹን ይገልጣል። አክስቴ ግን የለመደባት ነውና ስልክ አነሣች። ገንዘቧ ዘመድ ቤት እንደሄደ ልጅ ደኅና መክረሙን ልትጠይቅ።

ሲሚንቶው ጋ ደወለች፤ አንዲት ሴት አነሣች። ኢንሹራንሱ ጋ ደወለች፤ አንዲት ሴት አነሣች። መጋዘኑ ጋ ስትደውል ግን አክስቴ ስልኩን ወደ ቀኝ ጆሮዋ አጥብቃ አስጠጋችና፣ "አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ሃሎ ከማለትሽ በፊት ምራቅሽን ትውጫለሽ?" አለቻት። ለካስ ልጅቷን ሥራ ያስተማረቻት እሷው ራሷ ናት! ከወዲያ በኩል እሪታ ተሰማ፤ "እትዬ! እርስዎ ነዎት? በሞቴ አይቆጡኝ! አምስቱም እኔው ጋ ነው የሚጮኸው፤ ጠረጴዛዬ ላይ አምስት ስልክ ደርድረውልኝ የቱን እንዳነሣሁ እያየሁ ስም እቀያይራለሁ።"

የቀረውን ልጅቷ ሳትጠየቅ ዘረገፈችው። አምስቱም ድርጅቶች ያሉት ፈንዱ ራሱ በሚያሠራው አዲስ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከአራተኛ በላይ ገና አላለቀም። ሲሚንቶው ሲሚንቶውን የሚሸጠው ለዚሁ ሕንፃ ነው። ጭነቱ የሚያመላልሰው ይህንኑ ሲሚንቶ ነው። ኢንሹራንሱ ዋስትና የገባው ለዚሁ ሕንፃ ነው። ማቀዝቀዣው መጋዘን መብራት እስኪገባለት ይጠብቃል፤ እስከዚያው ሙቀቱ ለሲሚንቶው ማስቀመጫ ተስማምቶታል። አማካሪው ድርጅት ደግሞ ፈንዱ ገንዘቡን በቀሩት አራቱ ላይ እንዲያውል ይመክራል። "ኪራይስ ይከፍላሉ?" አለቻት አክስቴ። "እንዴታ! ፈንዱ ገንዘብ ሲጨምርላቸው ይከፍላሉ።"

አክስቴ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ፣ "ሠላሳ አንድ ዓመት መስመር ሳገናኝ ደዋዩንም ተደዋዩንም አንድ ሰው አድርጌ አላውቅም" አለች። በሙያ ቅናት የተናገረችው ነውና አይቀየሟት። እኔ በበኩሌ፣ ሌሎች ፈንዶች የሰውን አደራ በሰው አገር ሲያንከራትቱ እርስዎ ግን ከቤት እንዳይወጣ አድርገው በማሳደግዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጅቷንም አደራ አይቆጧት፤ አንድ ሰው ከአምስት መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን ለማባረር ብዙ ወረቀት ይፈጃል።

ሦስተኛ፤ የዚሁ ሕንፃ ሊፍት አይሠራም። የጡረተኞችን ስብሰባ አራተኛ ፎቅ ላይ የጠራችሁት የዕድሜ መርዘምን ስጋት ለመቀነስ ታስቦ ከሆነ፣ ብልሃቱ ያስደንቃል።

አራተኛ፤ ስለዚያው ስብሰባ። ርእሱ "ተለዋዋጭ ገበያና የታላላቅ ተቋማት ጥበብ" ነበር። የተጋበዙት ባለሙያ በባዕድ ቋንቋ ስለሚናገሩ በር ላይ ለየሰው የትርጉም ማዳመጫ ታደለ። አክስቴ አራት ፎቅ ወጥታ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ቁጥር 17ን ደፋች፤ ድምፁን እስከ ጥጉ ከፈተችው። ክቡር ሆይ፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በግራ ጆሮዋ የሰው ድምፅ ሰማች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከጎኗ የነበሩት ጡረተኛ ሹፌር፣ "ምነው እትዬ፣ ንግግሩ ነው እንዴ?" ቢሏት፣ "ኧረ እቴ፣ ንግግሩስ ምኑ ያስለቅሳል! ጥርት ብሎ መሰማቱ እንጂ" አለች።

ሻይ ሲባል ሰው ሁሉ ማዳመጫውን ወንበሩ ላይ ጥሎ ተነሣ። አክስቴ አልተነሣችም፤ ማን ጆሮውን ጥሎ ይሄዳል? እርስዎና ምክትልዎ በቀራችሁበት መድረክ ላይ ደግሞ ማይክሮፎኑን የዘጋ አልነበረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላልና፣ ያኔ የተናገሩትን እርስዎ ራስዎ ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ። ለምክትልዎ፣ "እነዚህ ሰዎች ግን እስከ ስንት ነው የሚኖሩት? የኛ ስሌት እኮ ሰባ ሁለት ላይ ነበር የቆመው" አሏቸው። ምክትልዎም፣ "ምን ይደረግ ክቡር፣ ደረጃውን እንኳ ወጡት" አሉ።

አክስቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ሁለቱን ዓመት ሳታውቅ በስህተት ስለኖረችው ይቅርታ እንድጠይቅላት ነግራኛለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የስልክ ኦፕሬተር ያልሆነ ሰው አይረዳውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ማዳመጫ የደፋ ጭንቅላት መድፋቱ አይታወቀውም፤ ለሱ እንደ ፀጉር ነው። አክስቴ አራቱን ፎቅ ወረደች፤ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ሰው ሁሉ ፈገግ ፈገግ ሲልላት "ዛሬስ ሰዉ እንዴት ደግ ሆኗል" እያለች ቤት ገባች። እኔ ነኝ ደጅ ላይ ተቀብዬ፣ "ጭንቅላትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?" ያልኳት። "የቱ?" አለች። ስትዳስሰው ጊዜ ክው አለች። "ወይኔ! በስተርጅና ሌባ ሆንኩ!" ብላ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

በማግሥቱ ገና በጠዋት ማዳመጫውን በመሐረብ ጠቅልላ አራቱን ፎቅ መልሳ ወጣች። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ግን "የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ከሌለበት ገቢ ማድረግ አልችልም፤ እሳቸው ደግሞ ለገበያ ጥናት ውጭ አገር ናቸው" ብሎ መለሳት። በሦስተኛው ቀን ያ ባለ ሦስት መስመር ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው ላይ የተተመነውም ዋጋ፣ ሐኪሙ ካዘዘላት የመስሚያ መርጃ ዋጋ በጥቂቱ ይበልጣል። አምስት ድርጅት አንድ ጠረጴዛ ላይ መሆኑን በዓመት ያላየ ዐይን አንድ ማዳመጫ መጉደሉን በሦስት ቀን ማየቱ፣ ፈንዱ ሲፈልግ ምን ያህል ንቁ መሆን እንደሚችል ያሳያልና ተስፋ ሰጥቶናል።

ክቡር ሆይ፣ እኔ የምለምንዎ ትንሽ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኖብን እንጂ፣ ከገበያው ጋር ጠብ የለንም። ዓለም ይለዋወጣል፣ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፣ አውቃለሁ። ግን የመንገዱ ሚኒባስ የበጀት ዓመት አይጠብቅም። መስታወቷ ላይ ያለው ወረቀት ከዚያ ይነሣ፤ ሌላ አልጠይቅም።

እስከዚያው ድረስ አክስቴ መልሷን እንዳደርስላት አዝዛኛለች። ቃል በቃል እነሆ፦ "ማዳመጫ ቁጥር 17ን የመመለሱ ጉዳይ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል። ይሁን እንጂ በወቅቱ መዋዠቅ ምክንያት ወደሚቀጥለው የበጀት ዓመት ተሸጋግሯል። ለትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።"

ጤናዎን አጥብቄ የምመኝ፣ ዕድሜዎን ግን ለስሌት ባለሙያዎችዎ የምተው፣
የእትዬ ሃሎ የወንድም ልጅ

ግልባጭ፦
ለሲሚንቶው፣ ለኢንሹራንሱ፣ ለመጋዘኑ፣ ለጭነቱና ለአማካሪው ድርጅት (ለአምስቱም አንድ ቅጂ ይበቃል)
ለሊፍቱ (መሥራት ሲጀምር እንዲደርሰው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማዳመጫው ቤት ውስጥ አይሠራም። መስኮት አጠገብም፣ አልጋ ላይም ሞከርነው፤ ከአዳራሻችሁ ውጭ ጭጭ ነው። ስለዚህ አክስቴ በሚቀጥለው ስብሰባ ከነማዳመጫዋ ፊተኛው ወንበር ላይ ትገኛለች። ጡረተኛው ሹፌርና ሃያ ሁለት ጓደኞቻቸውም በሻይ ሰዓት ማዳመጫቸውን እንዳያወልቁ መክራቸዋለች፤ ጠዋት ጠዋት ደረጃ መውጣት እየተለማመዱ ነው። ያቺን ሰባ ሁለት የምትል ቁጥር ግን ከዚያ በፊት ቢያስተካክሏት ይበጃል፤ በአክስቴ እናት ወገን ከዘጠና በታች የሞተ ሰው የለም።