ክሰሺኝ፣ እታለም

መካነ ሰላም፣ የካቲት 3

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጎንሽ እንዴት ሆነልሽ? ጥጃዋስ ጠና አለች? እኔ ደኅና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልሽ ደኅና አይደለሁም፤ ግን አላመመኝም። አንቺ እያለሽ እኔ ስለ ሕመም ምን አፍ አለኝ። ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ አትቀየሚኝ። ይህን ወረቀት ብቻሽን ሆነሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ፊደል የቆጠርሽው በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ እንዳይቸግርሽ አጉልቼ ነው የጻፍኩት።

ሐሙስ ዕለት ጎረቤትሽ የሻለም ለገበያ መጥታ ቢሮዬ ድረስ ገባችብኝ። ስትቆጣ እንዴት እንደምትሆን ታውቂያለሽ፤ ባለጉዳይ ሁሉ እየሰማ ልክ ልኬን ነገረችኝ። ከመስቀል ወዲህ ሽንትሽ ደም እንደሚቀላቅል፣ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል የጻፈልሽን ወረቀት አጥፈሽ ሳጥን ውስጥ እንዳስቀመጥሽው፣ ለጠየቀሽ ሁሉ ብርድ ነው እንደምትዪ። የጤና መድህን ካርዷን ከልክላችኋት በምን ትታከም አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ የባሰውን አመጣች። ስምሽ ከመድህኑ ዝርዝር ለምን ወጣ ብለው ጎረቤቶችሽ ሲናደዱ፣ ለሌላ ድሃ ይሁን ብዬ ወንድሜን የለመንኩት እኔው ነኝ ብለሻቸዋል። እታለም፣ መቼ ነው የለመንሽኝ?

እንግዲህ የሆነውን ልንገርሽ። ታኅሣሥ ላይ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። በጀት ስለጠበበ መንግሥት መድህን የሚከፍልላቸው ድሆች በየቀበሌው በሲሶ ይቀነሱ፣ ቅነሳውም በሕዝብ ተሳትፎ ይሁን ይላል። በሕዝብ ተሳትፎ ማለት ድሆችን ሰብስበን ማናችሁ ትብሳላችሁ ብለን እርስ በርስ ማፋጠጥ ነው። ደብዳቤውን የፈረሙት ሰዎች ያን ሳምንት ስለ ፍትሐዊ አገልግሎት ሊሠለጥኑ ሆቴል ገብተው ነበር። በዚህ የጤና መድህን መሥሪያ ቤት ስድስት ዓመት ስሠራ ቁጠባ ከላይ ሲጀመር አንድ ቀን አላየሁም።

ከስብሰባው በፊት ዝርዝሩን ይዤ ተቀመጥኩ። እስክሪብቶዬን አንስቼ መጀመሪያ የሰረዝኩት ያንቺን ስም ነው። ማንም አላዘዘኝም። ለእህቱ አዳላ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። የእህቴን ካስወጣሁ የሌላውን ሳስወጣ ማን ይናገረኛል ብዬ ነው።

በስብሰባው ቀን አንቺ አልመጣሽም፤ አሞሽ እንደቀረሽ አሁን ነው የገባኝ። ሼህ አብዱራህማን ዱዓ አድርገው ከከፈቱት በኋላ ስሞቹን ማንበብ ጀመርኩ። ያንቺን ዘልዬ ሳልፍ ሼሁ ተነሡ። ባሏ ሞቶባት መሬቷን በእኩል የምታሳርስ ሴት ካልገባች ማን ሊገባ ነው፣ ወላሂ ይህ ግፍ ነው አሉ። ሰዉም አዎ፣ እሷ ትግባ አለ። ያኔ ዝም ብል እንኳ ገብተሽ ነበር። እኔ ግን መመሪያውን ከፍ አድርጌ፣ ደመወዝተኛ ወንድም ያላት ሴት ድሃ ተብላ አትመዘገብም፣ የምረዳት እኔ ነኝ አልኳቸው። ተጨበጨበልኝ።

የምረዳት እኔ ነኝ ስል የነበረው በየሻለም እጅ የላክሽልኝን ሽሮ በልቼ ወጥቼ ነው። ደመወዜ ከቤት ኪራይ ተርፎ ምን እንደሚሆን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። እርግጥ መዋጮውን እኔ ከፍዬ ከፋይ አባል አድርጌ ላስመዘግብሽ አስቤ ነበር። የታኅሣሥ ደመወዝ ዘገየብን፣ ምዝገባው ተዘጋ። ለዚያ ነው ዓይንሽን ማየት አፍሬ ሁለት ወር ሙሉ ብቅ ያላልኩት እንጂ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

አለቃዬ ይርዳው በግምገማ ላይ የገዛ እህቱን የሰረዘ ሠራተኛ ብሎ አርአያ አደረገኝ። በዚያው ስብሰባ ደግሞ፣ በቅርቡ ድልድል ስላለ የሠራተኛው ቁጥር እንደሚቀነስ፣ ቅሬታ የቀረበበት ሰው ቦታ እንደማይጠብቅ ነገረን። የሻለም በመጣች ማግስት፣ ዓርብ፣ ገብቼ ስለ አንቺ ጠየቅኩት። የተዘጋ መዝገብ የሚከፈተው የተበደለው ሰው ራሱ ቀርቦ ቅሬታ ሲያስገባ ብቻ ነው አለኝ። እኔው በድያታለሁ ብለው የምፈትነው መስሎት ሳቀ። ባለጉዳይዋ ዝም ካለች አንተ ምን ቤት ነህ ብሎ ሸኘኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። አንቺ ዝም ብትዪ ሥራዬ ይተርፍልኛል፣ ዝም እንደምትዪም አውቃለሁ። አልዋሽሽም፣ ዝም ብትልስ ብዬ የተመኘሁበት ሰዓት አለ፤ ይህን ደብዳቤም ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ከደብዳቤው ጋር ያለው ወረቀት በእኔ ላይ የምታቀርቢው ቅሬታ ነው። እኔው ጽፌዋለሁ፣ የሚቀረው ያንቺ መፈረም ብቻ ነው። የመጨረሻው ቀን የፊታችን ዓርብ ነው። መንገዱ እንዳይጎዳሽ የሻለም በቅሎ ታፈላልግ። ስትገቢ ከጠረጴዛው ወዲያ የምታገኚው እኔን ነው። እንደማታውቂኝ ሁኚ፤ ከስቷል ብለሽ እንዳታለቅሺ፣ የሚበላ ነገርም እንዳትይዢልኝ። ወረቀቱን ስጪኝ፣ ቁጥር እሰጥሻለሁ፣ ይዘሽ ውጪ። ስለ እኔ እንጀራ አትጨነቂ። ድንጋይም ቢሆን እፈልጣለሁ።

እመብርሃን ምርኩዝ ትሁንሽ። የሼሁ ዱዓም ይድረስሽ። ደጅሽ ላይ ቆመሽ የምታዪኝን ቀን እግዚአብሔር ያምጣልን።

ያሳደግሽው ወንድምሽ

ማስታወሻ፦ የቅሬታው ሦስተኛ መስመር «ወንድሜ ረድቶኝ አያውቅም» ይላል። የወንድሜን ስም አላጠፋም ብለሽ እንዳትሰርዢው። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።