በኔና በሞሚና መሃል ያለው በር

ሰኞ፣ ግንቦት 10። ጠዋት።
ልብስ ልዘፈዝፍ ውሃ እየቀዳሁ ለኪዎቹ መጡ። ሰፈራችን ለልማት ይነሳል መባሉን ነግሬሻለሁ፣ ደብተሬ። ሜትር ዘረጉ። የኔን ሳሎን ለኩ፣ በመሃል በሩ ሾልከው ጎረቤቴ ሞሚና ቤት ገቡ፣ እዚያም ለኩ። ሁለቱን አንድ ቤት ብለው ጻፉት! ምትኩ አንድ ኮንዶሚኒየም። አቦ፣ ሁለት ቤት ነው ብዬ ጮህኩ። በሩ ካልተዘጋ አንድ ነው አሉ። ዓርብ ደግመው ያያሉ።

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ።
ሙቀቱ አያስተኛ፣ ሐሳቡ አያስተኛ። ባሌ የሞተ ጊዜ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ፣ የሞሚና ባል፣ ነፍሱን ይማረው፣ ዲጂኖ አንስቶ ግድግዳውን ሰበረው። ለቅሶው በሁለት ቤት ሆነ። ከዚያ ማን ይዝጋው? አሁን እሷም ብቻዋን ናት። ስኳር አለባት፤ ስትወድቅ የማነሳት በዚያ በር ገብቼ ነው።
ዝጊው ትለኛለች። እህቴ ማለቱን ትታ በኦሮምኛ አባዮ፣ አባዮ ካበዛች ፈርታለች።

ሐሙስ፣ ጠዋት።
ግንበኛው በብሎኬት ደፈነው። ግድግዳ እያንኳኳን ልንጠያየቅ ተስማማን። እንደ እስረኛ ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሐሙስ፣ 10 ሰ. ገደማ።
አንኳኳሁ። ዝም። ደገምኩ። ዝም። በውጭ ዞሬ ሄድኩ፤ ከውስጥ ቆልፋለች። ተጣራሁ። ስኳሩ ጥሏታል ብዬ ተመልሼ ድፍኑን በመዶሻ አልኩት። ሲሚንቶው እርጥብ ነው፣ ብሎኬቱ ወዲያ ወደቀ። አጮልቄ ባይ ሞሚና ሶላት ላይ!
ጨርሳ ዞረች። "አንቺ ሴትዮ፣ እየሰገድኩ ልመልስልሽ? ይሄን ሁሉ ዘመን አታውቂኝም?"
አፈርኩ። ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች፤ እሷም ቀትር ላይ ብታንኳኳ ዝም ብዬባት፣ ለካ ገበያ ነበርኩ።
ግንበኛውን ልጥራ ስትል እምቢ አልኩ። አንድ ብቻ ሰጥተው ቢሸኙንስ? አሁንም እፈራለሁ። የዛሬውን ዝምታ ግን ሁለተኛ አልችለውም።

ዓርብ፣ ጠዋት።
ብሎኬቱን ሁሉ አወጣነው። ለኪዎቹ ግቢ ገብተዋል። አንድ ቤት ብላችሁ ጻፉ፣ የሁለታችንንም ስም አስገቡ፣ አብረን እንገባለን እላቸዋለሁ። ሞሚና ወንበር ስባ በሩ መሃል ተቀምጣ፣ ነይ፣ ቶሎ ነይ እያለችኝ ነው። ልሂድ።