ከቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ የተገኘችው ሃና

እሑድ፣ ኦክቶበር 5፣ 2014

ድንጋዩን ያገኘው የጋሽ ደምሴ አካፋ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ የጓሮውን አረም ሲያጸዱ አካፋው ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። ቧንቧ መስሏቸው ነበር። አፈሩን ሲገልጡት ጽሑፍ ያለበት የመቃብር ድንጋይ ሆነ፤ በጀርባው ተንጋሏል።

ይህን አሮጌ የጡብ ቤተ ክርስቲያን ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ ዳር ላይ ከገዛን ሁለት ዓመታችን ነው። ጓሮው ውስጥ መቃብር አለ ያለን ሰው የለም። ቅዳሜ ደግሞ አስፋልት ሊነጠፍበት ነው። በረዶው ሳይመጣ ፓርኪንግ ያስፈልገናል፤ ኮንትራክተሩም ለዚያ ቀን ተቀጥሯል።

ጋሽ ደምሴ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ናቸው። «ድንጋዩን አጥሩ ጥግ በክብር እናቆመዋለን» አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። አምና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከመንገድ ዳር እስከ በሩ ሲመጡ በረዶ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል።

እኔ ግን አፌ አላርፍ አለኝ። «ከሥሩ ሰው ቢኖርስ?» አልኩ። አባታችን ቄሱ ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው እስከ ዓርብ አጣሪና ንገሪን» አሉኝ።

ለምን ዝም አልልም?

ሰኞ

ከሥራ እንደወጣሁ ልጄን ሰላምን ከትምህርት ቤት ይዣት ወደ ጓሮው ሄድን። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከሷ ጋር መኪና ውስጥ ዝም ማለት ለምደናል። ድንጋዩን ላጥብበት ያመጣሁትን በረኪና ስከፍት ግን ጮኸች። «ማሚ፣ ስቶፕ! ድንጋዩን ይበላዋል!» ስልኳ ላይ አንብባ ነው የመጣችው። ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ፣ ከዚያ ፊደሉ እንዲነበብ የስልክ መብራት ከጎን።

እንዲህ ይላል፦ ሃና፣ የዊልያም ትሪገር ሚስት። ዕድሜዋ 29። ከሕፃን ልጇ ጋር። ዓመቱ 188 ብሎ የመጨረሻው ቁጥር ተበልቷል። ከታች በትንንሽ ፊደል፣ በጡብ ፋብሪካው የባሏ የሥራ ጓደኞች አቆሙላት።

እዚህ መስመር ላይ ቀረሁ። እድር እኮ ነው! ቀኑን ሙሉ ጭቃ ሲያቦኩ የሚውሉ ሰዎች አዋጥተው ለጓደኛቸው ሚስት ድንጋይ አስቀረጹ። ሰላም፣ «ሶ... ፑር ነበሩ?» አለችኝ። «ድሆች አይባሉም፤ ሠራተኞች ነበሩ» አልኳት። «እንደኛ።»

ከአንድ ሰዓት በላይ ጎን ለጎን ተንበርክከን ቆየን። ስልኳን ለመብራት ካልሆነ አልነካችውም። ተመስገን ነው።

ማክሰኞ

የምሠራበት ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያው፣ ሥራ በዝቶ ዋለ። በምሳ ሰዓቴ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው ዘንድ ደወልኩ። ሦስት ቦታ አዛወሩኝ። የዚያ ጓሮ መዝገብ እነሱ ዘንድ የለም። በጽሑፍ ጠይቂ፣ መልሱ ሳምንታት ይወስዳል አሉኝ።

የሚያስጨንቀኝ፦ ዓርብ ባዶ እጄን ብቀርብስ? ኮንትራክተሩ ቢሄድና ክረምቱን ሙሉ ፓርኪንግ ባይኖረንስ? ዘንድሮም ሰው ቢወድቅ የማን ጥፋት ይሆናል? ድንጋዩ ከሌላ ቦታ የመጣ ቢሆንና ሰው ሁሉ ቢስቅብኝስ?

ረቡዕ

ዕረፍቴ ነበር። መሀል ዴንቨር ያለው ላይብረሪ ሄድኩ። የድሮ ሰነዶች ክፍል አንዲት ሽበታም ሴትዮ ተቀበሉኝ። ስሙን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው፤ አነጋገሬ እንዳያስቸግራቸው ብዬ። «አይ፣ ንገሪኝ እንጂ፣ እንዴት አገኘሻት?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ ያላቸው አይመስሉም ነበር።

በሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ውስጥ አገኘናቸው። ዊልያም፣ እንግሊዝ አገር የተወለደ፣ ጡብ ሠሪ። ሃና ሚስቱ። ሜሪ 8፣ ቶማስ 5፣ አሊስ 2። ጸሐፊው ያለ ምንም ስሜት በደረደረው መስመር ላይ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ተቀምጧል።

ከዚያ ከአምስት ዓመት በኋላ የተቆጠረውን አወጡልኝ። ዊልያም አለ። ሃና የለችም። ሜሪ 13፣ ሥራዋ ቤት ማስተዳደር። ቶማስ 10፣ ሥራው ጡብ መሸከም። አሊስ 7፣ ባዶ።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

ሐሙስ

ከላይብረሪ ተደወለ። ሴትዮዋ ሥራቸውን ጨርሰው ቀርተው አሊስን ተከትለዋታል። አድጋለች፤ አግብታለች፤ ወልዳለች። የልጇ የሞት ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበርና ከዘመዶቹ መካከል ሩት የምትባል ልጁ ተጠቅሳለች። የአሊስ የልጅ ልጅ። እዚሁ ዴንቨር የምትኖር! ስልኳንም ከማውጫ አገኙልኝ።

ስልኩን ይዤ መኪና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። ምን እላለሁ? «የአያትሽ እናት ጓሯችን ውስጥ ናቸው» ይባላል? ደወልኩ። አላነሱም። መልእክት ተውኩ፤ ስሜን እንኳ ሁለቴ ተሳስቼ ነው የተናገርኩት።

ለሰላም ነግሬያት የማላውቀውን ዛሬ ነገርኳት። ከሷ በፊት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ካምፕ ውስጥ ወንድ ልጅ ነበረኝ። አሥራ አንድ ቀን ኖረ። የቀበርነው ቦታ ላይ ምንም ምልክት የለም። ለምን ይህን ያህል እንደምሮጥ ጠይቃኝ ነበር፤ ለዚህ ነው አልኳት። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

ዓርብ

ሩት ጠዋት ደወሉ! ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። «አያቴ አሊስ እስክትሞት ስትፈልጋት ነበር» አሉኝ። እናቷ ስትሞት ገና ሕፃን ነበረች፤ ያሳደገቻት እህቷ ሜሪ ናት። በኋላ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ፈርሷል ብለው ስለነገሯት ፍለጋውን ተወች።

እጃቸው ላይ ደብዳቤ አለ። ዊልያም እንግሊዝ ላለችው እህቱ የጻፈው ነው፤ እሷም ስታረጅ ለአሊስ ላከችላት። በስልክ አነበቡልኝ። «ከነሕፃኑ ቀበርናት። ከኋላው በር አሥራ ሁለት እርምጃ፣ በምሥራቅ በኩል። ሕፃኑን ሳሙኤል ብላው ነበር።»

ከሥራ በኋላ ጉባኤው ተሰበሰበ። ሩት ሲያነቡልኝ ደብዳቤውን የገለበጥኩበትን ወረቀት አነበብኩ። ጋሽ ደምሴ ተነሱ። በኋላው በር ወጡና መራመድ ጀመሩ። ሁላችንም ተከተልናቸው። ረጅም ናቸው፤ በአሥራ አንደኛው እርምጃ እግራቸው ከድንጋዩ አጠገብ ቆመ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አንዱ ወጣት የጉባኤ አባል፣ «ታዲያ ፓርኪንጉስ? እነ እትዬ አስካለስ?» አለ። እትዬ አስካለ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመው ነበር። «በኔ አታሳብብ» አሉት። «ሰው ላይ መኪና አቁሜ ላስቀድስ ነው?»

መቃብሩ ያለበት ጥግ ሳይነጠፍ እንዲተው ተወሰነ። አራት መኪና የሚቆምበት ቦታ ይቀንሳል። የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች ለአቅመ ደካሞች ይሁኑ አሉ ጋሽ ደምሴ።

ቅዳሜ

ኮንትራክተሩ መጣ። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሰውየው ራሱ ሲባጎ ዘርግቶ ጥጉን ከለለልን። አስፋልቱ ተነጠፈ። ሰላም ሳልጠራት መጥታ ዙሪያውን ጠጠር ስትደረድር ዋለች። ደክሞኛል። ደስ ብሎኛል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ሩት ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ወንድ ልጃቸው ነው በመኪና ያመጣቸው። አጭር ሴትዮ ናቸው፣ ሰማያዊ ካፖርት የለበሱ። ወንዶቻችን ድንጋዩን ስድስት ሆነው አቁመውት ነበር።

አባታችን ሥርዓታችን የሚፈቅደውንና የማይፈቅደውን ቀድመው በግልጽ ነገሯቸው፤ ፍትሐት ማድረግ አይችሉም። «ዳዊት ግን እደግማለሁ» አሉ። ደገሙ። ሩት አንድ ቃል ሳይገባቸው እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙ።

ከዚያ ወደ ድንጋዩ ጠጋ ብለው በጣታቸው ቁጥሩን ዳሰሱት። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት» አሉ። «ዕድሜ ልኬን አንድ ትልቅ አሮጊት ነበረች የምትታየኝ። ልጅ ነበረች እኮ! እኔ አያቷ መሆን እችላለሁ።» ያን ጊዜ አለቀሱ። እትዬ አስካለ እንግሊዝኛ ብዙም አይችሉም። የሩትን ክንድ ያዙና አብረው አለቀሱ፤ ሁለቱ ተደጋግፈው ወደ አዳራሹ ለምሳ ገቡ።

ካውንቲው ገና አልመለሰልኝም። አጥር ለማጠር ፈቃድ ያስፈልግ ይሆናል፤ ሌሎች መቃብሮች ይኖሩም እንደሆነ አላውቅም። ጋሽ ደምሴ፣ «ካሉም እንፈልጋቸዋለን» ብለዋል። እንፈልጋቸዋለን ነው ያሉት፤ ፈልጊ አላሉኝም።

ሩት ሲሄዱ አቀፉኝና፣ «አሊስን አሳረፍሽልኝ» አሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ዛሬ ሌላ የምለምነው የለኝም።