ጸጥታ ስንለምን ፊሽካ ስለተላከልን

ለአካባቢያችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልን ከልክ ያለፈ እንክብካቤ ምስጋና ስለማቅረብ እና አንድ ሰው እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔና ባለቤቴ የወንበርዎ ምቾት፣ የደም ግፊትዎ ልክ፣ ይልቁንም የጉሮሮዎ ጥራት ሳይጓደል እንዲቆይልዎ ዘወትር እንመኛለን። የጉሮሮዎን ነገር ያነሣሁት በየማለዳው በድምፅ ማጉያው ስለምንሰማው፣ ትንሽ እንኳ ሻከር ሲል ቀድመን የምንጨነቀው እኛ ስለሆንን ነው።

ምናልባት ዘንግተውኝ ከሆነ፣ እኔ በማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ከአንድ ማሽን ጎን ቆሜ የኖርኩ፣ ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩን አይቼ የምመልስ ጡረተኛ ነኝ። ባለቤቴ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሃያ ስምንት ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። የሚያለቅሰውም፣ የሚሳደበውም፣ ቁጥር የተሳሳተውም፣ «ወንድሜ ነቅቷል ወይስ አልነቃም?» እያለ የሚማጸነውም በእርሷ ጆሮ አልፏል። ጡረታ በወጣች ማግስት ስልኳን አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና «ከእንግዲህ የሰው ድምፅ አልፈልግም፤ ያንተም ቢሆን በልክ ይሁን» አለችኝ። ሐኪሟም ጆሮዋ ውስጥ ሳያቋርጥ ለሚጮኸው ነገር ከጸጥታ የተሻለ መድኃኒት እንደማያውቅ ነገረን።

ስለዚህ ዕድሜያችንን የምንጨርስበት ጸጥ ያለ ገጠር ፍለጋ ወጣን። መጀመሪያ ያየነው ሐይቅ ዳር ነበር፤ ውብ ነው፣ ግን እንቁራሪቶቹ ጉባኤ ተቀምጠው አጀንዳው አላልቅ ብሏቸዋል። ሁለተኛው ተራራ ላይ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ጸጥታው ከመጠን አልፎ ባለቤቴ ጉልበቴ ሲንቋቋ ሰምታ «ማነው?» አለች። ጤና ጣቢያውም የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ሦስተኛው የእርስዎ ነው። እርስዎ ራስዎ ከቢሮዎ ወጥተው ተቀበሉን፣ ቤቱን አሳዩን፣ እጅዎን እንደ ሰባኪ ዘርግተውም «እዚህ ትልቁ ድምፅ የንብ ነው» አሉን። ባለቤቴ ግቢው መሃል ቆማ ዓይኗን ጨፍና ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ መጥታ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። እንዲያ አድርጋ የያዘችኝ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ልጃችን የተወለደች ቀን። በወሩ ዕቃችንን ጭነን መጣን።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ እኛ የጎበኘንበት ዕለት በአካባቢው መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ እንደነበር ሳይነግሩን በመቅረትዎ፣ ደስታችንን ላለማደፍረስ ላሳዩት ርኅራኄ ከልብ አመሰግናለሁ። የገባንበትም ዕለት መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቶ ነበር፤ በማግስቱ መጣ። ከመኝታ ቤታችን ግድግዳ ጋር ትከሻ ለትከሻ የቆመው ወፍጮ ተነሣ፤ የባለቤቴ መነጽር እየተንቀጠቀጠ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ተጉዞ ወደቀ። ወፍጮው ትንፋሽ ሲወስድ የእንጨት መሰንጠቂያው ይቀበለዋል። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ የድሮ ማሽኔ ነፍስ የዘራ መስሎኝ ልቤ ሞቅ ብሎ ነበር፤ ይህን ለባለቤቴ እንዳይነግሩብኝ። (ደብዳቤው ግልጽ ደብዳቤ መሆኑን አሁን ነው ያስታወስኩት።)

ሁለተኛ፤ «አካባቢያችን ጸጥ ያለ፣ ለጡረተኞች ምቹ» የሚለውን ማስታወቂያ በቀን አራት ጊዜ የሚያሰማውን ድምፅ ማጉያ፣ ሌላ ምሰሶ የጠፋ ይመስል፣ በመስኮታችን ትይዩ ስላቆሙልን። ጸጥ ባለ አካባቢ እንደምንኖር እንዳንረሳ መታሰቡ ትልቅ ነገር ነው። ባለቤቴ ማስታወቂያውን በቃሏ ይዛዋለች፤ ሳህን ስታጥብ ሳታውቀው ትለዋለች፤ ከዚያ ሳህኑን ታስቀምጥና ግድግዳውን ታያለች።

ሦስተኛ። ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ወንበርዎን ያመቻቹ።

«በቤታችን ጸጥታ ስለታጣ መፍትሔ ይሰጠን» ብዬ አመለከትኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎም «ጸጥታ» የሚለውን ቃል ባየች ጊዜ ምንም ሳታመነታ ወደ ጸጥታ ዘርፍ መራችው። ክቡር ሆይ፣ በሦስት ዓመት አንድ ቱቦ ያልጠገነ መሥሪያ ቤት በአምስት ቀን ጥበቃ መደበልን! ደንብ ልብስ፣ ቆመጥ እና ፊሽካ ያለው፣ ደረቱ እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ፣ ሰፈሩ «ነጎድጓድ» ብሎ የሚጠራው ጎልማሳ። እርሱም አደራውን ሊወጣ፣ ቤታችን ሰላም መሆኑን ለዓለም ለማሳወቅ በየሩብ ሰዓቱ ፊሽካውን ይነፋል። «እንደምን አደራችሁ!» ሲለን ማዶ ሆኖ ወንዝ እያሻገረ የሚያናግረን ይመስላል፤ የቆመው ግን ከበራችን ደፍ ላይ ነው። የለመንነው ጸጥታ እንጂ ጥበቃ እንዳልነበረ ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ለሦስቱም «ጥበቃው ይጠናከራል» የሚል መልስ አገኘሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ ሻንጣዋን ሸከፈች። ልጃችን ዘንድ ልትሄድ ነው። እኔ አልከለከልኳትም፤ በምን አፌ? አልጋው ጫፍ ተቀምጬ የሻንጣዋ ዚፕ ሲዘጋ አየሁ። የማይሰማ ሰው ብሆንም ያንን ዚፕ ሰምቼዋለሁ።

በሩ ላይ ስትደርስ ግን ለጥበቃው የልቧን ሳትነግረው መሄድ አልፈለገችም። «ለመሆኑ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትጮኸው?» አለችው። «እ?» አላት። ደግማ ጠየቀችው። «እ?» አላት፣ ቀኝ ጉንጩን ወደ እርሷ መለስ አድርጎ።

ሻንጣውን መሬት አስቀመጠች። ሃያ ስምንት ዓመት «እ?» ስትባል የኖረች ሴት ናት፤ የትኛው «እ» የንቀት፣ የትኛው የችግር እንደሆነ ለይታ ታውቃለች። በቀኙ በኩል ዞራ፣ ዝግ ብላ፣ «የትኛው ጆሮህ ነው?» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ከዓመታት በፊት መንገድ ሥራ ላይ ሳለ ድንጋይ ሲፈነዳ ግራ ጆሮው ተዘግቶ ቀርቷል፤ ቀኙም ደክሟል። ራሱን የሚሰማው ሲጮኽ ብቻ ስለሆነ፣ ሰውም እንዲሁ የሚሰማው መስሎት ይጮኻል። እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀውም፤ የቀጠረው መሥሪያ ቤትም ጭምር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለአሠሪማ ምን ይባል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው እኛ በረንዳ ላይ ትምህርት ተከፈተ። መዳፉን ደረቱ ላይ ያሳርፋል፤ «ደረትህ ከነዘረ በዝቷል፤ ድምፅህን ከጥርስህ እንጂ ከሆድህ አታውጣው» ትለዋለች። ባለ ወፍጮውም በመስኮቱ ሲያይ ቆይቶ፣ ባለቤቴ አንድ ቃል ብትለው፣ በትምህርቱ ሰዓት ማሽኑን ማቆም ጀመረ። በአራት ማመልከቻ ያላገኘሁትን በአንድ «እባክህ» አገኘችው።

በሦስተኛው ሳምንት ጥበቃው አንድ ማለዳ እየሮጠ መጣ። ቀኝ ጆሮውን ወደ ባለቤቴ አድርጎ ተቀመጠና፣ እኔ ከንፈሩን ካላየሁ በማልሰማው ድምፅ፣ «እትዬ፣ ትናንት ሚስቴ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ይህን ሁሉ ዓመት የተቆጣኸኝ መስሎኝ ነው የኖርኩት› አለችኝ» አላት። ባለቤቴ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ሁለቱም አብረው ሳቁ፤ እኔም ግማሹን ባልሰማም አብሬያቸው ሳቅሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ መኝታ ቤት ብገባ ሻንጣው ባዶውን አልጋ ሥር ተገፍቶ አገኘሁት። ፊሽካው ኪስ ገባ፤ ሰፈሩም «ነጎድጓድ» ማለቱን ትቶ «ሹክሹክታ» አለው።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ግን ንቁ አይደሉምን! በወሩ መጨረሻ «የጥበቃው ድምፅ ስላልተሰማ በሥራ ገበታው ላይ አለመኖሩ ተረጋግጧል» የሚል ደብዳቤ ፈርመው ወደ ንብረት ክፍል መጋዘን አዛወሩት፤ ከባዶ ጆንያ ጋር እንዲነጋገር። በምትኩ የላኩልን አዲስ ሰው ሁለት ፊሽካ አለው፤ አንዱ መጠባበቂያ ነው ብሎናል።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፦ ሹክሹክታ ይመለስልን። በዕረፍት ቀኑ በጓሮ በር እየመጣ ቀኝ ጆሮውን ወደ ባለቤቴ አድርጎ ይቀመጣል፤ የሰው ድምፅ አልፈልግም ያለችው እርሷም ገና ሳይመጣ በሩን ትከፍትለታለች። እኛ የትም አንሄድም፤ ይህን ተስፋ አድርገው ከነበረ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ባለቤቴ እንደምትለው ሌላ ተማሪ የምትቀበልበት ቦታም አላት፤ አራት ጊዜ ተጽፎላቸው አራት ጊዜ «እ?» ያሉ አንድ ኃላፊ እንዳሉ ሰምታለችና፣ በማንኛውም ማለዳ ቢመጡ በረንዳው ክፍት ነው።

ከላቀ አክብሮት፣ ከማይነጥፍ ምስጋና እና ካልተቋረጠ ንዝረት ጋር፣
የወፍጮው የግድግዳ ተጋሪ፣ የማስታወቂያዎ ታማኝ አድማጭ፣ የደጅዎ ቋሚ ጠኚ፣
ጡረተኛው አታሚ

ግልባጭ፦
ለጸጥታ ዘርፍ (ጸጥ ብሎ እንዲያነበው)
ለንብረት ክፍል መጋዘን
ለባለቤቴ (በአንደኛው ተራ ቁጥር ስለተገለጸው የወፍጮ ፍቅር ከይቅርታ ጋር)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ደንብ ጥሼ አይደለም። በመጀመሪያ ወደ አስተያየት መስጫ ሣጥንዎ ወስጄው ነበር፤ ነገር ግን ሣጥኑ ክዳኑ ወልቆ፣ በጎኑ ተጋድሞ፣ አንዲት ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋበት አገኘኋት። በመሥሪያ ቤቱ በሥራ ሰዓት ከቦታዋ ሳትነሣ ያየሁት እርሷን ብቻ ስለሆነ፣ ከሥራዋ ላስተጓጉላት አልደፈርኩም።