የጓዳዋ ጆሮ

ለባለቤቴ ለየሽመቤት፤

አስተማሪያችን ደብዳቤ ጤና በመጠየቅ ይጀመራል ብለዋል። ያንቺን መጠየቁ ከበደኝና የእኔን ልንገርሽ፤ ደህና ነኝ። ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ይህን ደብዳቤ ጸሐፊ ለምኜ አላስጻፍሁም፤ የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርሁልሽ። ከክፍሉ ሁሉ ጎበዙ እኔ ነኝ። ምነው ሳቅሽ? እርግጥ የቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቢሆንም ጎበዝ ጎበዝ ነው።

ጣራውን ቆርቆሮ አለበስሁት። ሱቁ እዚያው ጎንደር አራዳ ነው፤ ከጓዳው የሚለየውም ያው መጋረጃሽ ነው። አዝማሪው ከእንፍራንዝም ከቆላ ድባም ማሲንቆውን ተሸክሞ ሊያሠራ እኔ ዘንድ ይመጣል።

ቆዳውን ወጥሬ፣ የፈረስ ጭራውን አስሬ፣ ማሲንቆውን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ዓይኔን ስጨፍን ሰው ጉድ ይል ነበር። እኔ የምጠብቀው ግን ከመጋረጃው ጀርባ ያንቺን ሳል ነው። ከሳልሽ ድምፁ አልሰመረም፤ ዝም ካልሽ ሸጋ ነው። ደንበኛውን «ሚስቴን ጉንፋን አይለቃትም» እለው ነበር። እሱ ሲወጣ «አያ ጉረኛ!» ትዪኛለሽ።

የመጨረሻው ክረምት ግን ከሆዴ አልወጣም። አንድ ማሲንቆ ጨርሼ ብመታው ሳልሽ። ቆዳውን ፈትቼ እንደገና ወጠርሁት፤ ደግሞ ሳልሽ። ዳግመኛ ልፈታው ስል «ተወው፣ እሱስ ሸጋ ነው። ይሄ የራሴ ሳል ነው» አልሽኝ። መታመምሽን ያወቅሁት ያኔ ነው። እስካሁን ያን ማሲንቆ አልሸጥሁትም።

በቀደም አስተማሪያችን አንገቱ የተሰበረ ቫዮሊን አመጡልኝ። ነክቼ የማላውቀውን ዕቃ፣ ይሄማ የማሲንቆ የክርስትና ልጅ ነው ብዬ ተቀበልሁ። አንገቱን በሙጫ አያያዝሁት፣ አራቱንም ክር ወጠርሁ፣ መታሁና እንደ ልማዴ ወደ መጋረጃው ጆሮዬን ጣልሁ። ዝም። ድሮ ይህ ዝምታ ሸጋ ማለት ነበር፤ አሁን ግን ብልሹውንም ሸጋ ሊለው ነው። ከዚህ ወዲያ ሙያዬ ምኑ ነው፣ ሱቁን ልዝጋው እስከማለት ደረስሁ።

አስተማሪው ሲመጡ እውነቱን አወጣሁት፤ እጁ የእኔ ነው፣ ጆሮው የባለቤቴ ነበር፣ እርስዎ ይስሙልኝ አልኋቸው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ «አላውቅም» ያልሁት ያን ቀን ነው። አልሳቁብኝም። መቱትና ሁለተኛው ክር ይነጫነጫል አሉኝ። እየሰማን ስናጠብቅ፣ እየሰማን ስናላላ ዋልን። አንድ ጊዜማ እሳቸው ሳይናገሩ ጉድለቱን እኔው ቀድሜ ሰማሁት፤ እንባዬ መጣ።

እንግዲህ የሽዬ፣ ቃሌ ይኸውልሽ። ማሲንቆ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ የሱቁ ጆሮ ማን እንደነበረች ሳይሰማ ከደጄ አይወጣም። ስምሽን ጠርቼ እነግረዋለሁ። እጁን ግን አልሰጥሽም፤ እንደ እኔ ያለ እጅ በጎንደር የለም።

ባልሽ ታደለ