አባባ የበየዱት ቀለበት

ይድረስ ለወንድሜ ለሎጋው፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ደረጃ መውጣት ፈቀደልህ? ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ብቻ ወገቤን ወገቤን ትላለች። አባባም ጆሯቸው ደክሟል፤ ዕድሜ ልኩን ከመዶሻና ከብየዳ ጋር ከኖረ ጆሮ ምን ይጠበቃል። እኔም ከንዴት በቀር ምንም አልነካኝም።

ከቅርጫት ኳስ የተሰናበትክ ዕለት ቤታችን በሰው ጢም ብሎ ነበር። የሰፈራችን ጫማ ጠጋኝ ሳይቀር ሥራውን ዘግቶ መጣ። አባባ ሠርግ የሚሄዱበትን ኮት ለብሰው ከቴሌቪዥኑ ፊት ንቅንቅ አላሉም። ዋንጫ ያነሳህባቸውን ቀናት፣ በመጨረሻዋ ሴኮንድ ያስቆጠርካትን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ አሳዩን። ማልያህን ጣሪያው ላይ ሰቅለው ይህን ቁጥር ከእንግዲህ ማንም አይለብሰውም ሲሉ እማዬ እልልታውን አቀለጠችው። እኔም አለቀስኩ፤ በደስታ ነበር።

ከዚያ አንተ ማይኩን ያዝክ። በልጅነትህ ግቢያችን ውስጥ ኳስ ስለምታስገባበት ጠባብ ቀለበት ስታነሳ አባባን በክርኔ ጎሸም አደረግኳቸው። አንተ ግን ብረት ለቃቅሜ በገዛ እጄ ነው የሠራሁት፣ ያስተማረኝም የደገፈኝም የለም፣ ብቻዬን ነው ያደግኩት ብለህ አረፍከው።

ብቻህን? ወይ ጉድ! ቀለበቱ ታዲያ ከሰማይ ወረደ? አባባ ትክክለኛውን ልክ ስላላወቁ በኳሱ ልክ ለክተው አጥብበው አልበየዱትም? ሰፈሩ ሁሉ አልሳቀባቸውም? ኳሱ ሲቀረቀር በመጥረጊያ እንጨት እየገፋሁ የማወርድልህ እኔ አልነበርኩም? በዚያ ጥበት ስለተለማመድክ እኮ ነው እውነተኛው ሜዳ ስትገባ ቀለበቱ እንደ በርሜል አፍ የሰፋልህ። ዓለም ያደነቀው እጅህ የአባባ ስህተት ያሰለጠነው እጅ ነው። የመጀመሪያ ማልያህን ከመጋረጃችን ቀዳ የሰፋችው እናትህስ የት ገባች? መስኮታችን ራቁቱን የከረመው ለማን ብሎ ነው?

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ማለት ይኼ ነው። ሎጋዬ፣ ስማችን ይጠራልን አላልንህም። አባቴ ማለት ይህን ያህል ከበደህ? አንጀቴን ቆረጥከው።

ያንን ቃል እንደተናገርክ ጫማ ጠጋኙ ኮፍያውን አንስቶ ሹልክ ብሎ ወጣ። አባባ ግን ጆሯቸው አልያዘውም ኖሮ ፈገግ እንዳሉ፣ ስለ እኔ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበል? ድምፁ ተቆራረጠ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ቤት ለመጣ ሁሉ፣ ልጄ ስለ እኔ ሲናገር ድምፁ ተቆረጠ እያሉ ያወራሉ። ጋዜጠኞች ሊያዩት ይመጣሉ ብለውም መሰላል ተደግፈው ቀለበቱን ቀለም ቀቡት።

እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ እሷ ሁሉንም ሰምታለች፣ ግን ልጄን እንዳትቆጪው ብላኛለች። ታናሻችንም ሰላም ብላሃለች፤ ፎቶህን ግን ከግድግዳዋ አውርዳዋለች። ጫማ ጠጋኙ ሰላም አላለህም። አባባ እጅግ አድርገው ሰላም ብለውሃል፤ ድምፁ ሲቆረጥ ስለ እኔ ያለውን ደውሎ ይንገረኝ ብለዋል። ለአገር ሁሉ ዋሽተህ የለ? እንግዲህ ለአባባም አንዴ ዋሽላቸው። ጮክ ብለህ ታዲያ፣ እንዲሰማቸው።

እህትህ
በቀለበቱ ትይዩ ካለው መስኮት ሥር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ