እያላመጥሽ ያልሽው ኦኬ

ልጄ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠገነ፤ አባትሽ ግን አላምን ብሎ ባልዲውን ከሥሩ አላነሳም ነበር።

ኦፕሬሽን ከሆንሽ ወዲህ "በላሽ ወይ?" ስልሽ "ኦኬ"፣ "ያምሻል?" ስልሽም "ኦኬ" ብለሽ ትጽፊያለሽ። ይቺ ኦኬ አንዳንዴ እሺ ናት፣ አንዳንዴ ደህና ነኝ፣ አንዳንዴም አትጨቅጭቂኝ። የትኛዋ እንደሆነች ከጽሑፍ እንዴት ልወቅ? በሐሳብ ብዛት የደንበኛ ሱሪ አንዱን እግር አሳጥሬ ሰፋሁት። ሰውየው ለክቶት "እማማ፣ አንዱ እግሬ ገና ልጅ ነው እንዴ?" አለኝ።

ትናንት፣ ድምፅሽን ላኪልኝ ብዬ ስነዘንዝሽ የላክሽው ደረሰኝ። የስፌት መኪናዬን አቁሜ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ያው ኦኬ ነው፤ ግን ስታላምጪ ይሰማል! "አንተ፣ ልጅቷ እየበላች ነው!" ብዬ ጮህኩ። አባትሽ ደጋግሞ ሰማው። ከዚያ ሄዶ ባልዲውን አነሳ።

የቀመስሽው ሁሉ ለጤና ይሁንሽ፣ የእኔ ዓለም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ "ምግብ በአፍሽ ይዘሽ አታውሪ" እያልኩ ያሳደግኩሽን ተዪው። እየበላሽ አዋሪኝ።

እናትሽ